የመርፌው ጫፍና የወንበሬ እግር

ይድረስ ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፤

እንዴት ነሽ? ትንፋሽሽስ? ብርዱ አስምሽን ቀሰቀሰብሽ ወይስ ለዘንድሮ ተወሽ? ልጆቹስ? ያ የደምሽ ነገርስ? እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ደህና ነው፣ ልጆቹ ደህና ናቸው፣ እኔም ደህና ሆኜ በካውያ ጠረጴዛው ላይ ቆሜ ነው የምጽፍልሽ። ለምን እንደቆምኩ እደርስበታለሁ፣ አሁን አትጠይቂኝ። ስልክ ያልደወልኩትም ረስቼሽ አይደለም። ስልክ ላይ አንቺ ግማሹን ታለቅሺያለሽ፣ እኔ ግማሹን እስቃለሁ፣ ቁም ነገሩ መንገድ ላይ ይቀራል። ደግሞ በስልክ የማይላክ ነገር አለበት፤ ከወረቀቱ ጋር በመርፌ ቁልፍ ያያዝኩትን ቁራጭ ጨርቅ እንዳትጥዪው።

መጀመሪያ የጎረቤታችንን ወሬ ልንገርሽ፣ ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ከእሷ ነውና። ያቺ ግድግዳ የምንጋራት አስተማሪ ወለደች። ሴት ናት። የአባቷን እናት ቁርጥ! ገና በሦስት ቀኗ ሰው መገላመጥ ጀመረች። ባልየው ከደስታው ብዛት ሁለት ቀን አንድ እግሩ ጥቁር አንድ እግሩ ቡናማ ጫማ አድርጎ ሥራ ገባ፤ የነገረውም የለም፣ እኔም አልነገርኩትም። ሕፃኗ በእግሯ ስለመጣች እናትየው በኦፕራሲዮን ነው የወለደችው፣ እዚያው እኔ ልብስ በምሰፋበት ሆስፒታል። ታዲያ በምን ተወጋች መሰለሽ? በዚያው እኔን በወጉኝ የወገብ ማደንዘዣ መርፌ!

እውነቱን ልንገርሽ፤ አዘንኩላት፣ ትንሽም ደስ አለኝ። በሰው ስቃይ የምደሰት ሆኜ አይደለም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ያወራሁትን የምትመሰክርልኝ ሰው ተገኘች ብዬ ነው። መቼም የመጨረሻውን ልጄን ስወልድ የሆንኩትን አንቺ ነሽ ቁጭ ብለሽ ያየሽው። ስተኛ ደህና፣ ቀና ስል ጭንቅላቴን በመጥረቢያ እንደሚፈልጡኝ፤ አምስት ቀን ሙሉ ጣሪያ ስቆጥር ከረምኩ። ከዚያ ደግሞ ወገቤ። ወገቤን የማያውቅ ዘመድ አለን?

ስለዚህ ተዘጋጅቼ ሄድኩ። ጭንቅላቷን የምትሸብበት ሻሽ ያዝኩ፣ ብርሃን እንዳይገባባት ለመስኮቷ የሚሆን ወፍራም መጋረጃ ሰፋሁ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ በጣቴ ጫፍ እየተራመድኩ ገባሁ። ሴትዮዋ ቁጭ ብላለች! በአንድ ክንዷ ልጅ ታጠባለች፣ በሌላው እጇ የተማሪ ፈተና ታርማለች።

«ራስሽን እንዴት አደረገሽ?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ደህና ነኝ፣ ምን ሆነው ነው የሚንሾካሾኩት?» አለችኝ።

«ቀና ስትይስ?» ብላት ተነስታ ቆመች፣ መጋረጃውን ከእጄ ተቀብላ አጣጥፋ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው፣ አመሰገነችኝም።

«ትንሽም?» አልኳት።

«ትንሽም» አለች።

ግድ የለም፣ ነገ ይጀምራታል ብዬ ወጣሁ። በነጋታው ሄድኩ፣ የለም። በሦስተኛው ቀን ሄድኩ፣ የለም። በአራተኛው ቀን ሽቦ ላይ ልብስ ስታሰጣ አገኘኋት፣ ያውም እያንጎራጎረች። በአምስተኛው ቀን ሳንኳኳ አማቷ ወጥታ በሩን በአካሏ ዘጋችው። «አንቺ ሴትዮ፣ የምትመጪው ልትጠይቂያት ነው ወይስ ራስ ምታቱን ልታመጪባት?» አለችኝ። ሻሼን ይዤ ተመለስኩ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በዚያው ሳምንት ነው። ሥራ ቦታ፣ ወንበሬ ላይ ሆኜ አነበብኩት። ለሁለተኛ ጊዜ ከቀጠሮው ቀረሁ ትያለሽ። ሐኪሙ በአስምሽ ምክንያት ሙሉ በሙሉ ሊያስተኛሽ እንደማይፈልግ፣ ከወገብ በታች የሚያደነዝዘው መርፌ ይሻልሻል እንዳለሽ፣ የማህፀንሽ እጢ ካልወጣ ደሙም እንደማይቆም ጽፈሽልኛል። ከመኝታ ቤት ወጥ ቤት ለመድረስ ሁለት ጊዜ ግድግዳ እደገፋለሁ ትያለሽ። ለወጉ ያህል ከወር ተኩል በኋላ ላለው ሐሙስ ሦስተኛ ቀጠሮ ሰጡኝ፣ አልሄድም ትያለሽ። ከዚያ ያቺን ዓረፍተ ነገር ጻፍሽ፦ እህቴ በዚያ መርፌ አሥራ ሁለት ዓመት ስትሰቃይ እያየሁ ጀርባዬን አልሰጥም።

እህቴ፣ የብርቱካኑ ፍሬ ትዝ ይልሻል? አንቺ አምስት ዓመትሽ፣ እኔ አሥር። የብርቱካን ፍሬ ብትውጪ ሆድሽ ውስጥ ይበቅላል፣ ቅርንጫፉ በጆሮሽ ይወጣል ብዬ ሦስት ቀን አስለቀስኩሽ። ውሃ መጠጣት እምቢ አልሽ፣ እንዳይበቅል። እናታችን ዋሽታሽ ነው ብትልሽ እንኳ እኔን አመንሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ ያቺ ውሃ እምቢ ያለች ልጅ ናት የመጣችብኝ። ወረቀቱን አጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ወደ ባለ መርፌው ሄድኩ። ሄድኩ ስልሽ እሱ ነው የመጣው። ኦፕራሲዮን ክፍል ማደንዘዣ የሚሰጠውን ሰውዬ እኛ ስፌት ክፍል «መሰላል» ነው የምንለው፤ ቁመቱ አይጣል ነው፣ ጋውን ሁሉ ጉልበቱ ላይ ይቀርበታል። በየጊዜው ጠርዝ እንድቀጥልለት ይመጣል። ጋውኑን ተቀበልኩትና በሩን ዘጋሁበት።

«ዛሬ ጠርዝ የለም። መጀመሪያ ተጠያቂ ነህ» አልኩት።

«ምን አጠፋሁ እትዬ?» አለ ደንግጦ።

ሁሉንም ዘረገፍኩለት፤ የራሴን፣ የአስተማሪዋን፣ ያንቺን። ያው ልበ ቅን ነው፣ አልሳቀብኝም። ሄዶ ቀናቸው ያለፈ ሁለት መርፌዎች ይዞ መጣና ጨርቅ የምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠልኝ። እኔም ክር ስሰካ የማይበትን አጉሊ መነጽር አወጣሁ። አንደኛው መርፌ ጫፉ ሰያፍ ተቆርጦ ጠርዙ እንደ ምላጭ የተሳለ ነው። «ያኔ የእርስዎ ይሄ ነበር፤ እንዲያውም ከዚህ ወፈር ያለው ሳይሆን አይቀርም» አለኝ። ሁለተኛው ቀጭን ነው፣ ጫፉ እንደተቀረጸ እርሳስ ሾጠጥ ብሎ ስለት የለውም፤ መድኃኒቱ የሚወጣበት ቀዳዳም ከጎኑ ነው እንጂ ከጫፉ አይደለም። አስተማሪዋ የተወጋችው በዚህ ነው።

ከዚያ ማስረዳት ጀመረ። በጀርባ አጥንታችን ውስጥ ውሃ የያዘ ከረጢት አለ፣ አንጎላችንም በዚያው ውሃ ነው የሚንሳፈፈው። መርፌው ከረጢቱን ሲበሳው ቀዳዳው ቶሎ ካልገጠመ ውሃው እያንጠባጠበ ይጎድላል። ሰው ሲቆም አንጎሉ ወደ ታች ይጎተታል፣ ራሱን ያመዋል፤ ሲተኛ ይተወዋል። «ከረጢቱ ደግሞ እትዬ፣ ከቀጫጭን ክሮች እንደተሠራ ያስቡት» ሲለኝ፣ «በቃ፣ እዚህ ላይ ዝም በል» አልኩት። «ጨርቅ ለኔ አታስተምረኝ።»

የካናቴራ ጨርቅ አወጣሁ። አንዱን ጎን ስለት ባለው መርፌ ወጋሁት። ሌላውን ጎን እኛ ለሹራብና ለካናቴራ በምንጠቀምበት፣ ጫፉ ዶልዶም በሆነው መርፌ ወጋሁት። ልብስ ሰፊ ሁሉ የሚያውቀው ነው እኮ! ካናቴራን በስለታም መርፌ የሰፋ ሰው ደንበኛው በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣበታል፤ ክሩ ተቆርጧል፣ ቀዳዳው ሲለጠጥ ይሰፋል። ዶልዶሙ ግን ክሩን አይቆርጥም፣ ገለል አድርጎት ያልፋል፤ ሲወጣ ክሩ ወደ ቦታው ይመለሳል። ጨርቁን ለጥጬ በመስኮቱ ብርሃን አሳየሁት። በአንዱ በኩል ፀሐይ ገባች፣ በሌላው በኩል የተወጋበትን ቦታ ራሴ ፈልጌ አጣሁት።

መሰላል ጎንበስ ብሎ አየና ጭንቅላቱን ያዘ። «እኛን ይሄንን በሥዕል ነው ያስተማሩን። በካናቴራ ቢያሳዩን በአንድ ቀን ይገባን ነበር» አለኝ።

ያ ጨርቅ ነው አሁን እጅሽ ላይ ያለው። በቀይ ክር ያከበብኩት የድሮው ነው፣ በሰማያዊ ክር ያከበብኩት የአሁኑ። ለጥጠሽ ወደ ብርሃን አድርጊና እዪው፤ እኔን አትመኚ፣ ጨርቁን እመኚ።

ደግሞ አልዋሸኝም፣ እኔም አልዋሽሽም። በአዲሱም ቢሆን አልፎ አልፎ የሚያመው ሰው አለ፣ ግን በጣም ጥቂት ነው። ቢመጣም አብዛኛው በቀናት ይተዋል፤ አልተው ካለም ከክንድሽ ትንሽ ደም ቀድተው ቀዳዳው አጠገብ ያስገቡታል፣ እሱ ይረጋና ይደፍነዋል። «ይሄማ መጣፍ ነው!» አልኩት። «አዎ እትዬ፣ ከራስ ጨርቅ ለራስ መጣፍ» አለኝ። ያኔ እኔን ማን ጣፈኝ!

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ውሃ ነገር ጠጪና አንብቢው።

«እሺ፣ ራስ ምታቱን ተቀበልኩህ። ወገቤስ?» አልኩት። መቼ መቼ እንደሚያመኝ ጠየቀኝ። ከሰዓት በኋላ፣ ስሰፋ ስውል አልኩት። በእረፍት ቀንስ? አሰብኩ። በእረፍት ቀን አያመኝም። ሠርግ ላይስ? ምን ሠርግ አመጣው ብዬ ተቆጣሁ፣ ግን ሠርግ ላይም አያመኝም። ሰውዬው ሄዶ ወንበሬ ላይ ቁጭ አለ። ቁጭ ሲል ወደ ግራ ዘመም አለ። ጎንበስ ብሎ ሥሩን አየ። የኋላው ግራ እግር ሁለት ጣት ያህል አጭር ነው፤ የታጠፈ ካርቶን አስደግፌዋለሁ፣ ካርቶኑም ከስንት ዘመን በፊት ተጨፍልቆ እንደ ወረቀት ሆኗል።

«ይሄ ወንበር ስንት ዓመቱ ነው?» አለኝ።

«አሥራ ሦስት» አልኩት።

ካርቶኑን በጣቱ መዝዞ አወጣና፣ «መርፌው የገባበት ቦታ ለጥቂት ቀን ያማል፤ ስለታሙም ሆነ እርሳሱ በዚያ ብዙም አይለያዩም፣ ከዚያ ይተዋል። ስለዚህ እትዬ፣ ራስ ምታቱን እኛ እንውሰድ፣ ወገቡን ግን ወንበሩ ይውሰድ» አለኝ።

አየሽ ጉዴን? የሆስፒታሉን ሰው ሁሉ ትከሻና ወገብ በሳንቲሜትር የምለካ ሴት፣ የተቀመጥኩበትን አንድም ቀን አልለካሁም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ያሉት ለኔ ነው። የሆስፒታሉ አናጢ እግሩን ቀጠለልኝ፣ በሦስተኛው ሳምንት ወገቤ ጠፋ። ጠፋ ስልሽ ሕመሙ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ጨነቀኝ። ምክንያቱም እህቴ፣ ከሞላ ጎደል አውቀው ነበር። እንዳለ አላውቅም ነበር፣ ግን ከሚያመኝ በላይ እንዳወራሁለት አውቅ ነበር። ያ ወገብ ከብዙ ነገር አድኖኛል። ጀሪካን አላነሳም፣ ወገቤ። የባለቤቴ ዘመዶች ሁለት ሳምንት እንቆይ ሲሉ፣ ወገቤ። ፍራሽ አላገላብጥም፣ ወገቤ። ባለቤቴ አሥራ ሁለት ዓመት ከቧንቧው ውሃ ተሸክሟል። አሁን ሲድን ምን ልበል? ልማድ ሆኖብኝ ከወንበር ስነሳ «ወይ ወገቤን» እላለሁ። በዚያ ሰሞን አንድ እሑድ እንዲሁ ብዬ ጎኔን ያዝኩ። ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝና «ዛሬ ደግሞ በቀኝ ሆነ?» አለኝ።

እና አንቺ በዚህ ወገብ ምክንያት ደምሽ እየፈሰሰ ተቀምጠሻል። የብርቱካን ፍሬ አበቀልኩብሽ ዳግመኛ።

ይህን ብቻ ጽፌ ልልክልሽ ነበር። ግን አውቅሻለሁ፤ የአስተማሪዋ ጀርባ የአስተማሪዋ ነው፣ ያንቺ ጀርባ የኔ ነው ትያለሽ። በሰው ጀርባ ደግሞ አይመሰከርም። ስለዚህ ያንን ስድስት ዓመት ያቆየሁትን የራሴን ጉዳይ አንስቼ መሰላል ጋ ሄድኩ። ምን ጉዳይ እንደሆነ አይጻፍም፤ ደብዳቤውን የሚያመጣልሽ የአውቶብስ ሾፌር ታማኝ ቢሆንም የሰው ልጅ ነው። እናታችን በመጨረሻ ዓመታቷ እንግዳ ሁሉ ሲመጣ ቆማ የምታጫውተው ሰው አክባሪ ስለሆነች ብቻ እንዳልነበረ ትዝ ካለሽ ይበቃሻል።

መሰላል ደነቀው። «ስድስት ዓመት የቆየ ነገር ዛሬ ምን አስቸኮለዎት?» አለኝ። «የእህቴ ቀጠሮ ደረሰ» አልኩት። አልገባውም፣ ግን ለሐኪሙ ነግሮ አስመዘገበኝ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፣ እንዳይገርምሽ። ቁጭ ያደርጉሻል፣ ትራስ ያሳቅፉሻል። «ክር ሲሰኩ የሚጎብጡትን ያህል ይጉበጡ» አለኝ፣ ያንን ደግሞ ማን ይበልጠኛል። በቀዝቃዛ ነገር ጀርባሽን ይጠርጉሻል፣ ከዚያ ትንሽ ቁንጥጫ፣ ከዚያ ገፋ የሚያደርግ ነገር። ፈርቼ ስለነበር ስለ ጋውኑ ጠርዝ ሳወራ «እትዬ፣ ጨርሻለሁ» አለኝ። እግሬ ሞቀኝ፣ ከዚያ እግር እንዳለኝ ረሳሁ። ለሁለት ቀን የተወጋሁበት ቦታ እንደበለዘ ያህል ጠዘጠዘኝ፤ ይህንንም የምጽፍልሽ ኋላ ደርሰሽበት ሌላውንም ውሸት ነው እንዳትዪ ነው። በሦስተኛው ቀን ተወኝ። ራሴን? ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው። ይህን ሁሉ ገጽ ሳልቀመጥ ጻፍኩት፤ ያኔ እኮ አንድ ብርጭቆ ውሃ እስክጠጣ መቆም አልችልም ነበር። ራሴ እንደ ብርሌ ጥርት ብሏል። ሌላው ሌላው ነው፣ እሱን መርፌው አላመጣውም።

አንቺም ሐሙስ ስትገቢ ቀጭኑና ጫፉ እንደ እርሳስ የሆነው አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ መጠየቅ ነውር የለውም። መሰላል እዚያ ያለ የትምህርት ጓደኛውን ደውሎ ጠይቆልኛል፣ እናንተም ጋ አለ።

ማን ማን እንደመጣ ልንገርሽና ላብቃ። አናጢው መጣ፤ ወንበሩ እንዴት ነው ብሎ ጠየቀኝ፣ ለጊዜው አላውቅም አልኩት፣ ተቀየመኝ። አስተማሪዋ አምስት ቀን ሙሉ ተመላለሰችብኝ፤ በየቀኑ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በጣቷ ጫፍ እየተራመደች፣ «ራስዎን አላመመዎትም? ትንሽም?» ትለኛለች። ያቺ የማትረባ! ትናንት ግን በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጥታ ጠቅሳኝ ሄደች። ስፈታው የልጆች መዋኛ ጎማ ነው፤ ክብ፣ መሃሉ ክፍት፣ ዳክዬ የተሳለበት። ባለቤቴ ጉንጩ እስኪቀላ ነፋልኝ። እየነፋ፣ ለማን ነው እንዲህ የምትጽፊው አለኝ። ለእህቴ አልኩት፣ ስለ ወገቤ እውነቱን እየነገርኳት ነው አልኩት። ጎማውን ከአፉ አወጣና፣ «ወገብሽ ሠርግ ላይ እንደማያምሽ ካወቅሁ ስምንት ዓመቴ ነው። ጀሪካኑን ግን ለምጄዋለሁ፤ አሁን ብትወስጂብኝ ይከፋኛል። ለእህትሽ ንገሪያትና ትግባ» አለኝ። ከዚያ መንፋቱን ቀጠለ። እኔ ወደ ካውያው ዞርኩ፤ ዓይኔ ውስጥ እንፋሎት ገብቶብኝ ነው።

ረቡዕ ማታ እደርሳለሁ። ሐሙስ ጠዋት በሩ ድረስ አስገባሻለሁ፣ ስትወጪም እኔን ነው የምታዪው። ሰባት ሰዓት መንገድ ነው፣ ወንበር ቢገኝም ባይገኝም ለኔ ለውጥ የለውም። ቆሜም ቢሆን እመጣለሁ።

ፈጣሪ ደምሽን ይሰብስብልሽ፣ ትንፋሽሽን ያስፋልሽ፣ ልጆችሽን በእጅሽ ያሳድግልሽ። ለእኔም የምታምነኝን እህት ያቆይልኝ፣ እኔም ከእንግዲህ የምታመን ያድርገኝ።

የብርቱካኗ ውሸታም፣
ታላቅ እህትሽ

ደብዳቤውን ላጥፍ ስል የአስተማሪዋ አማት ገባች። ስድስት ቀን ቆጥራ ነው የመጣችው። «ራስሽን እንዴት ነሽ?» አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ፣ አላመነችኝም። «ደህና ከሆንሽማ ምን ገትሮ ያቆምሻል? ቁጭ በይ እንጂ!» አለችኝ።